የበረዶው ውርርድ

በረዶው የወረደው በነሐሴ ማለቂያ፣ ገብሱ እሸት ሊይዝ ሲል ነው። ከደባርቅ በላይ፣ ወደ ጊች በሚያወጣው መንገድ ላይ ያለችው ድንጋይ በር የምትባል መንደር በእኩለ ቀን ጨለመችና ሰማዩ ያለ የሌለ ኃይሉን አራገፈባት። ሲያባራ የገበሬ ማኅበሩ የጋራ እርሻ ከብት ያደረበት ሣር መስሎ ተኝቷል። ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ቆመ። አፋቸውን ያልያዙ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። እነሱ ገና በረዶው ሳይቀልጥ ምክንያቱን አውቀውታል።

አንደኛው መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ነው፤ የመንደሩ በረዶ መላሽ። ሥራው ደመና ሲጠቁር ጉብታው ላይ ወጥቶ፣ ጅራፍ እያጮኸና ጸሎት እየደገመ በረዶውን ወደ ሰው አገር መሸኘት ነው። ለዚህ ድካሙ በአዝመራ ጊዜ ከየቤቱ እህል ይሰፈርለታል። በረዶ ካልወደቀ የመለሰው መሪጌታ ነው። ከወደቀ ደግሞ ከመንደሩ አንድ ሰው በዓል ሽሯል ማለት ነው፤ መሪጌታ ምን ያድርግ? እህሉ ግን በሁለቱም ይሰፈራል። እንዲህ ያለ እንጀራ በደባርቅ ከተማ ቢፈለግም አይገኝም።

ሁለተኛው ጓድ ወርቄ ይባላል፤ ለምርት ዘመቻው ከአውራጃው የተላከ ካድሬ ነው። እሱ በመሪጌታ ይስቃል፤ «ጉም ጠባቂ» ይለዋል። ጓድ ወርቄ የሚናገረው በሳይንስ ብቻ ነው። «ሳይንሳዊ» ሳይል ውሃ አይጠጣም። የጋራ እርሻው ከግል ማሳ እጥፍ እንደሚሰጥ በሳይንስ አረጋግጫለሁ ብሎ ለበላይ አካል ቃል ገብቶ ነበር፤ አሁን እርሻው ሲደቆስበት ሌሊቱን ሲተነትን አድሮ ጠዋት ደረሰበት።

«በረዶው የተፈጥሮ ክስተት ነው። ጉዳቱ ግን የአሻጥረኛ ሥራ ነው» አለ።

አረጋሽ ይህን ስትሰማ ሳቋ አመለጣት። አብሯት የሳቀ ሰው አልነበረም።

አረጋሽ የዳባት ልጅ ናት፤ ደባርቅ ሳይንስ ታስተምራለች። ክረምቱን ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ድንጋይ በር ተልካ ጎልማሳውን ሁሉ ሀ ሁ እያስቆጠረች ከረመች። ምላሷ አያርፍም። እናቷ «ይቺን የሚያገባ ጆሮው ቢደነቁር ነው የሚሻለው» ትላት ነበር፤ አረጋሽም በዚህ ትኮራለች። የማይረባ ነገር ስትሰማ ፊቷ ላይ ይታወቅባታል፤ ፊቷ ላይ ሳይታይ የቀረ እንደሆነም አፏ ይናገረዋል። በድንጋይ በር ደግሞ በየቀኑ የምትሰማው የማይረባ ነገር አላጣችም።

ያረፈችው እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ከሚባሉ ባልቴት ቤት ነው። ባላቸው በሕይወት ሳሉ የቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ ነበሩ። ልጅ የላቸውም። ያላቸው አንዲት ጎጆና ከወንዙ ማዶ ማኅበሩ በዕጣ ያደረሳቸው አንድ ማሳ ገብስ ብቻ ነው። ለአረጋሽ መደባቸውን ለቀውላት እሳቸው ከምድጃው አጠገብ ይተኛሉ። «ተዉ እንጂ» ብትላቸው «የተማረ ሰው ወገቡ ደካማ ነው» አሏት።

እንግዲህ መሪጌታም ጓድ ወርቄም ጥፋተኛ ፈለጉና ሁለቱም እኚህኑ ሴትዮ አገኙ። መሪጌታ ቂም አለው፤ አምና የበረዶ እህል አልሰፈሩለትም፤ አጥተው ነው። ጓድ ወርቄም ቂም አለው፤ ለጋራ እርሻው ሲጠሩ «ወገቤን» ይላሉ፤ እውነትም ወገባቸውን ያማቸዋል። የቀረው የማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ተሰብስቦ ማሳቸውን እንዲነጥቃቸው ብቻ ነበር። ማሳው ከሄደ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ የሚቀራቸው የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው፤ ከሚለምኑት ጋር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሸንጎው ዘወትር ከሚሰበሰብበት ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ሰብሳቢው አያ ወልደ ገብርኤል ነበሩ፤ ሽማግሌ ናቸው፤ በሕይወታቸው ከሙግት የበለጠ የሚጥማቸው ነገር የለም። በጎልማሳነታቸው የራሳቸው ያልሆነ ክርክር ለመስማት ስንቅ ቋጥረው ጎንደር ድረስ ይወርዱ ነበር አሉ። ከአብዮቱ ወዲህ ክርክር ሁሉ በመፈክር ስለሚያልቅ ሸንጎ ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

ጓድ ወርቄ ተነሣ። «ጓዶች! ይቺ ሴትዮ የአድኃሪው ሥርዓት ቅሪት ናት። ሳይንሳዊ ትንተናችን የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ከሰፊው ሕዝብም ጥቆማ ደርሶናል።»

ጠቋሚው መሪጌታ ነበር። ትናንት ጉም ጠባቂ፣ ዛሬ ሰፊው ሕዝብ ሆኖ ቆሟል።

«የሐምሌ ሚካኤል ዕለት ስትፈትል ታይታለች» አለ መሪጌታ። «ማን አያት እንዳትሉኝ። ታይታለች።»

«አልፈተልኩም» አሉ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ከነጠላቸው ሥር። ድምፃቸው እምብዛም አልተሰማም።

«ማሳዋን እንይ!» አለ ጓድ ወርቄ። «ማሳዋ ይመስክርባት!»

«ይመስክርባት!» አለ መሪጌታም። ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው።

ወንዙ ከበረዶው ወዲህ ሞልቶ ገና ያን ዕለት ጠዋት ነበር የጎደለው። ከማዶ ያለውን ማሳ ባለቤቲቱን ጨምሮ ያየው ሰው የለም። ሕዝቡ ሊነሣ ሲል አረጋሽ ቀድማ ቆመች።

«ሳንሻገር አንድ ነገር ልጠይቅ። መሪጌታ፣ የእትዬን ማሳ ተመትቶ ብናገኘው ምን ይላሉ?»

«እግዚአብሔር ፈረደባት እላለሁ ነዋ! በዓል የሻረን ያውቀዋል።»

«ሳይመታ ብናገኘውስ?»

መሪጌታ አላመነታም። «ሰይጣን የራሱን ይጠብቃል።»

«ጥሩ። ጓድ ወርቄስ? ተመትቶ ብናገኘው?»

«ማሳዋን በቸልተኝነት ለተፈጥሮ አጋልጣ ምርት ቀንሳለች። አሻጥር ነው።»

«ሳይመታስ?»

«ደህናውን መሬት ለራሷ አስቀርታ የተጋለጠውን ለጋራ እርሻው አሳልፋለች። ይሄ እንዲያውም የባሰ አሻጥር ነው።»

«መሬቱን በዕጣ የሰጣቸው ማኅበሩ ነው እኮ!» አለች አረጋሽ።

«ዕጣም የመደብ ባሕርይ አለው» አለ ጓድ ወርቄ።

አረጋሽ ይህን ከሰማች በኋላ ዝም ማለት አልቻለችም፤ ብትፈልግም አትችልም ነበር። «እንግዲያውስ ለምን ወንዝ እንሻገራለን? እግራችንን ለማራስ? ማሳው ቢመታ ጥፋተኛ፣ ባይመታ ጥፋተኛ! አያ ወልደ ገብርኤል፣ አንድ ምስክር ከፊትዎ ቀርቦ 'ነገሩን ባየውም ባላየውም ቃሌ ይኸው ነው' ቢልዎ ቃሉን ይቀበሉታል?»

አያ ወልደ ገብርኤል እንቅልፋቸው ለቀቃቸው። «እኔ? ከሸንጎ አስወጣዋለሁ እንጂ!»

«እነዚህ ሁለቱ ያሉት እኮ ይህንኑ ነው። አንዱ ጸሎት ይለዋል፣ አንዱ ሳይንስ ይለዋል። ስም ነው የተለያየው። ሳይንስ ማለት እንዲህ ያለ ነገር ከተገኘ ተሳስቻለሁ ብሎ አስቀድሞ መናገር ነው። የማትሳሳትበትን ነገር መናገርማ ማንም ይችላል።»

ሽማግሌው ከሳይንሱ አንድም አልገባቸውም። ሌላ ነገር ግን ገባቸው፤ ዓይናቸው በራ። «ይቺ ልጅ የምትለው ውርርድ ነው! በእኛ ጊዜ ባለጉዳይ ዝም ብሎ ነገር አይወረውርም ነበር። 'እንዲህ ሆኖ ከተገኘ ማር እሰጣለሁ፣ በቅሎ እሰጣለሁ' ብሎ አስይዞ ነው የሚሟገት። የሚረታበትን ያልተናገረ ነገሩ አይሰማለትም። በሉ እንግዲህ! መሪጌታ፣ ምን ያስይዛሉ? ምን ቢገኝ ይረታሉ?»

መሪጌታ ጥምጥሙን አስተካከለ። «በእግዚአብሔር ነገር አይወራረዱበትም።»

«ጓድ፣ እርስዎስ?»

«ሳይንስ የተረጋገጠ ነው፤ ለውርርድ አይቀርብም» አለ ጓድ ወርቄ። «ውርርድ የፊውዳል ርዝራዥ ነው።»

«ልጅቱስ?» አሉ አያ ወልደ ገብርኤል። «አንቺ ነሽ ያመጣሽው። ምን ታስይዣለሽ?»

ሕዝቡ ሁሉ ወደ አረጋሽ ዞረ። አስተዋይ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ቁጭ ይል ነበር። አረጋሽ ግን ሰው ሁሉ እያያት ነው፤ ደግሞም እውነት ከእሷ ጋር መሆኗን ታውቃለች፤ ወይም የምታውቅ መስሏታል። የእጅ ሰዓቷን ፈታች። በመጀመሪያ ደመወዟ የገዛችው ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ ንብረት የላትም።

«ይኸው ሰዓቴ። በረዶ የሰው ስም አያነብም። ከጊች በኩል መጣ፤ የጋራ እርሻውን መትቶ ቀጥ ብሎ ወደ ወንዙ ወርዷል፤ መንገዱ ከዚህ ይታያል። ከማዶ ሦስት ማሳዎች ጎን ለጎን አሉ። የመሪጌታ፣ የእትዬ፣ የአለነ። ሦስቱም በመንገዱ ላይ ናቸው፤ ስለዚህ ሦስቱም ተመትተው እናገኛቸዋለን። የእትዬ ማሳ ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ከተገኘ፣ ተመትቶም ሆነ ድኖ፣ እኔ ተረትቻለሁ።»

«ሰማችሁ?» አሉ አያ ወልደ ገብርኤል፤ በደስታ አገጫቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። «በጥንቱ ደንብ የተረታው ያስያዘው ለዳኛው ነው።» ደንቡን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ ማንም አልተቃወማቸውም።

ቁልቁል ወረዱ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ያሰምጣል። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ጓድ ወርቄ ጫማውን አየና ቆመ፤ አንድ ገበሬ ጎንበስ አለለትና ጭቁኑን መደብ ነፃ ሊያወጣ የመጣው ሰው በጭቁኑ መደብ ጀርባ ተሻገረ። መሪጌታም በሌላ ጀርባ ተከተለ። እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው በእግራቸው ገቡ፤ አረጋሽ እጃቸውን ያዘች። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር።

«አይፍሩ» አለቻቸው። «ወዲያው ያልቃል።»

ጉብታውን ሲወጡ ፊት የነበሩት ሰዎች ቆሙ። ከመካከላቸው አንዱ «እግዚኦ!» አለ። ሌላው አማተበ።

የመሪጌታ ገብስ ቆሟል። የአለነም ቆሟል። በሁለቱ መካከል የእትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ማሳ ከዳር እስከ ዳር ከመሬት ተለጥፏል። በረዶው የወሰን ድንጋዩን አይቶ የተመለሰ ይመስል ነበር። በረዶ እንዲህ ያለ ነገር ማድረግ የለበትም፤ ግን አድርጎታል።

አረጋሽ ሦስቱን ማሳዎች በየተራ አየች። የመጀመሪያ ሐሳቧ መልስ ነበር፤ መልስ አታጣምና። ገደሉ ነፋሱን አጥፎት ይሆናል። የመካከለኛው ማሳ ትንሽ ከፍ ይል ይሆናል። የእትዬ ገብስ ዘግይቶ የተዘራ፣ አገዳው የለሰለሰ ይሆናል። ሁሉም ደህና ደህና ምክንያቶች ናቸው፤ አንዱ እንዲያውም እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከማየቷ በፊት አንዱንም አላሰበችውም። አሁን አፏ ላይ ተሰልፈው ስታገኛቸው አወቀቻቸው፤ «ዕጣም የመደብ ባሕርይ አለው» የተባለውም ከዚያው ቦታ ነው የመጣው። መሪጌታ በፈገግታ ያያታል፤ ሰበቧን እየጠበቀ ነው፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ነው። አረጋሽ ራሷን ጠላች።

«ተረትቻለሁ» አለች ጮክ ብላ። «ሦስቱም ይመታሉ ብዬ ነበር፤ አልሆነም። ለምን እንዳልሆነ አላውቅም።» ሰዓቷን ለአያ ወልደ ገብርኤል ሰጠቻቸው።

«ሳይንስ አሸነፈ!» አለ ጓድ ወርቄ።

«ተመስገን፣ ፍርዱን አሳየን!» አለ መሪጌታ።

«ከሁለቱ ማንኛው ነው ያሸነፈው?» ብሎ አለነ ጠየቀ። ከልቡ ነው የጠየቀው።

«ጓዶች፣ ነገሩ አልቋል፤ መሬቱ ይነጠቅ» አለ ጓድ ወርቄ። አረጋሽ ዓይኗን ጨፈነች። በአንድ የእጅ ሰዓት ተወራርዳ የሰው ማሳ ያስበላች መሰላት፤ ምላሷን ቆርጣ ብትጥላት ደስ ባላት ነበር።

«ቆይ እስቲ» አሉ አያ ወልደ ገብርኤል። ሰዓቱን ገልብጠው እያሰሩ ነበር። «ጓድ፣ እርስዎ ምን አስይዘዋል?»

«እኔ ምንም አላስያዝኩም።»

«መሪጌታስ?»

«ብያለሁ እኮ፣ በእግዚአብሔር ነገር...»

«ምንም። እንግዲህ ምንም ያላስያዘ ምንም አይወስድም። መምህርቲቱ ተረታች፣ ሰዓቷን አጣች፣ የእሷ ነገር በዚሁ አለቀ። እናንተ ደግሞ የምትረቱበትን ተናገሩ ስትባሉ ሸሻችሁ። ከውርርድ የሸሸ ከሙግቱም ሸሽቷል። የማይረታ ሙግት ሙግት አይደለም፤ የሸንጎውን ቀን ማጥፋት ነው። መሬቱ ከባለቤቲቱ እጅ አይነቃነቅም።»

ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ተዛመተ። ጓድ ወርቄ ቆጣ ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ ወደ ወንዙ አየ፤ ከዚያ ጫማውን አየ፤ ከዚያ የሰዎቹን ጀርባ አየ። ሁሉም ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ጎንበስ ያለ የለም።

«ይህ ውሳኔ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «የሰፊው ሕዝብ ንቃት ውጤት ነው። በሳይንሳዊ ትንተናችን ከመነሻው የተነበይነው ነው።»

መሪጌታም የቅዱስ ሚካኤል ምሕረት መሆኑን ወዲያው አስረዳ። ያን ጊዜ ሁለት ገበሬዎች ጎንበስ አሉላቸውና ሁለቱም ተፈናጠው ተሻገሩ። አያ ወልደ ገብርኤል ከኋላ ከኋላ እየሄዱ፣ ማንበብ የማያውቁትን ሰዓት በየመቶ እርምጃው ያዩ ነበር።

አረጋሽና እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ማሳው ላይ ቀሩ። አረጋሽ ከደስታዋ የተነሣ እግሯ መሬት አልረገጠም፤ ተረትታም አሸንፋለች። በደባርቅ ይህን ለመምህራኑ እንዴት እንደምትተርክላቸው እያሰበች ነበር፤ የጓድ ወርቄን ድምፅ መምሰል ሁሉ ጀምራለች።

«መሬትዎ ተረፈ እትዬ! አዩት ያን ጅል?»

እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ጎንበስ ብለው አንድ አገዳ አነሡ። ሲለቁት ወደቀ። ሌላ አነሡ።

«ተረፈልኝ። ዕድሜ ይስጥሽ» አሉ። አገዳውን ሳያስቀምጡ፣ «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። የእኔን ብቻ ለምን?»

«አላውቅም።»

«ከዚያ ወዲያ ማዶ የአለነ አለ። ከዚህ ወዲህ የመሪጌታ አለ። እኔ መካከል ነኝ። እንዴት አድርጎ የእኔን ብቻ?»

«አላውቅም እትዬ። ነፋስ ሊሆን ይችላል። የማላውቀውን አውቃለሁ ብልዎት ከእነሱ በምን ተሻልኩ?»

ባልቴቷ አገዳውን በጣታቸው እያሻሹ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የሐምሌ ሚካኤል ዕለት አልፈተልኩም። ቃሌን አምነሽ ተሟግተሽልኛል፤ እውነት ነው፣ አልፈተልኩም። እነሱ ሲሉኝ ግን አንድ ልቤ ፈትዬ በሆነ ብሎ ነበር። ፈትዬ ቢሆን ከንስሐ አባቴ ጋ እሄዳለሁ፣ እሰግዳለሁ፣ ይቀልልኛል። 'አላውቅም' ንስሐ የለውም ልጄ። በየትኛው ደጅ ይዤው ልሂድ?»

አረጋሽ ተናደደች። በእሳቸው ይሁን በበረዶው ይሁን በራሷ አልለየላትም። «ታዲያ ምን ላድርግ? ልዋሽዎት?»

«እስቲ» አሉ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ቀና ብለው። ሲያሾፉ አልነበረም። «እስቲ ዋሽተሽም ቢሆን ንገሪኝ።»

አረጋሽ ጭቃው ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች። መሪጌታ ቢሆን ወዲያው አንድ ምክንያት ያገኝላቸው ነበር፤ ጓድ ወርቄ ሁለት ያገኝላቸው ነበር። እሷ ፈለገች። እውነቷን ነው፣ ከልቧ ፈለገች፤ ለእሳቸው ስትል ያን ሰዓት ማንኛውንም ነገር በተናገረች። ንስሐ ያለው አንድ እንኳ አላገኘች።